ለካሚዮኖቹ ቦታ ሲፈለግ

ሹፌሩ ቀን ቀን የእውነት አውቶቡስ ይነዳል፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ የውሸት ካሚዮን። እንዲህ ያለ ሰው አለ ቢሏችሁ አታምኑ ይሆናል፤ ታናሽ እህቱ ግን በየቀኑ ስለምታየው ማመን አያስፈልጋትም። ወገቡን ይዞ ይገባል፣ እናቱን ጉንጫቸውን ይስማል፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ኮምፒዩተሩ ፊት ይቀመጣል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በብሎን ያሰረው መሪ አለ፤ ከስሩ ሁለት ፔዳል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሰው ቢጠራው አይሰማም።

እናታቸው አንድ ቀን፣ ሲነዱ ውሎ ሲነዱ ማምሸት ጤና ነው ወይ ብለው ቢጠይቁት፣ "እዚህ የሚያዘኝ የለም እማ" ብሎ መለሰላቸው። እውነቱን ነው። አውቶቡሱ ላይ የሚያዘው ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ "ፊሽካ" የሚለው የስምሪት ኃላፊ አለ፤ ሰው ፊት የሚቆጣ፣ መልስ የማይሰማ። በኮምፒዩተር ጨዋታው፣ በጌሙ ውስጥ ግን ሹፌሩ የአርባ ካሚዮን ጌታ ነው። በየከተማው ጋራዥ አለው፤ ቅጥር ሹፌሮች አሉት። ከቅጥሮቹም አንዱን "ፊሽካ" ብሎ ሰይሞታል። በጣም ረጅሙና በጣም ጠመዝማዛው መንገድ ሲመጣ ለማን እንደሚሰጥ መንገር አያስፈልግም። ቂም በዚያ ቤት በእናት ወገን ይሁን በአባት ወገን አይታወቅም እንጂ በዘር የገባ ነው።

እህቱ ጥልፍ ሠሪ ናት። ሳሎኑን ከፍሎ በተሰቀለ መጋረጃ ጀርባ የጥልፍ ማሽኗ አለ። ታላቅ ወንድሟ ስለሆነ "ጋሼ" ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ጎልማሳነቷን ረስቶ ዛሬም "ሚጡ" ይላታል። ኮምፒዩተሩ የሁለቱም ነው፤ እሱ ሥራ ሲውል እሷ ትስልበታለች። ጥልፍ ደግሞ አበባ ስሎ መተው አይደለም። መርፌዋ በየት ገብታ በየት እንደምትወጣ፣ ክሩ ወደየት ጋደል ብሎ እንደሚተኛ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክሩ እንዳይቋጠር የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል፣ ሁሉም አንድ በአንድ ይሳላል። ተስሎ ሲያልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን ከምንም አይቆጠርም። የዓመታት ሥራዋ ሁሉ ተሰብስቦ የወንድሟን የአንድ ካሚዮን ጎማ አያህልም።

ጌሙ ሲገባ እንዲህ አልነበረም። ልከኛ ሆኖ፣ እንግዳ እንደሚሆነው አንገቱን ደፍቶ ነው የገባው። ኋላ አዲስ መንገድ መጣለት፣ ቦታ ያዘ። አዲስ ድልድይ መጣለት፣ ቦታ ያዘ። አንዴ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ በመስታወቱ ላይ እየተንሸራተተች የምትወርድ ጠብታ አሻሽለናል ተባለና ለጠብታዋ ብቻ ስንት ጊጋ ተጠየቀ። ሠሪዎቹ ዲስክ ከቧንቧ የሚቀዳ ይመስላቸዋል። የቤቱ ሰው ግን ያለው አንድ ዲስክ ነው፤ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። መጀመሪያ ዘፈኖቹ ወጡ። ቀጥሎ የእናታቸው ተከታታይ ድራማ፣ መጨረሻውን ሳያዩት ወጣ። ከዚያ ሹፌሩ፣ እህቱ ሥራዋን በትርፍ የምታስቀምጥበትን ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ "ለትንሽ ቀን" ብሎ ተዋሳትና እሱንም ሞላው። የወንድም ትንሽ ቀን ስንት እንደሆነ ወንድም ያለው ያውቃል።

በዚያ ሰሞን ጥልፍ ሠሪዋ ደስ ብሏት ነበር። ትልቁ የሙሽራ ልብስ ቤት ባለቤት የሠራችውን አንድ የጠርዝ አበባ አይተው፣ የሙሉ ቀሚሱን ጠርዝ ዙሪያውን ጠልፋ እንድታመጣ ነገሯት። ካማረ የሠርግ ወራቱ ሥራ ሁሉ የእሷ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ባለ ሰፊ መስኮት ክፍልም ይሰጧታል፣ ማሽኗን ይዛ ትገባበታለች፣ ከፈለገችም ታድርበታለች። ያን መስኮት አይታዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃ ጀርባ በተቀመጠች ቁጥር መብራቱ ያንሳታል። ከወንድም ቤት መውጣት ለሴት ልጅ በሁለት መንገድ ብቻ ነው፣ በሠርግ ወይም በቀብር፣ ሲባል ሰምታ ያደገች ሰው ሦስተኛ መንገድ አገኘች ማለት ነው። ወራት ፈጅታ ጠርዙን ስላ ጨረሰች። የመጀመሪያዋን አበባ ፍላሽ ላይ አድርጋ ማሽኑ ላይ ሰካችና ክር አልቆባት ልትገዛ ወጣች።

ክሩን ይዛ ስትመለስ ፎልደሩ የለም።

ሹፌሩ መሪውን ይዞ፣ በአዲሱ ድልድይ ላይ እየተሻገረ ነበር። ስትጠይቀው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ አስረዳት። ቦታ ጠበበ፤ የቱ እንደሚወጣ ሲያይ የእሱ ጌም አንድ ነው፣ የእሷ ፎልደር ውስጥ ግን ሕዝብ ተሳፍሯል፣ ሺህ ምናምን ነገር። ስለዚህ ሕዝቡን አወረደው። አውቶቡስ ነጂ አይደለም? ጭነትን የሚመዝነው በራስ ቁጥር ነው። አንድ ሰው ዝሆን ይዞበት ቢገባ አንድ ተሳፋሪ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

"ታዲያ ቦታ ተለቀቀልህ?" አለችው።

"የሚገርምሽ፣ ምንም" አላት። "ኋላ ሌላ ነገር አጠፋሁና ነው የገባልኝ።"

በከንቱ። እዚህ ላይ ነው ደሟ የፈላው። ቢያንስ ጠቅሞት ቢሆን፣ ሥራዋ ቢያንስ ያቺን የዝናብ ጠብታ እንኳ ቢገዛለት። ሲያጠፋ ኮምፒዩተሩ እንኳ አልጠየቀህም ወይ ስትለው፣ መጠየቁንስ ጠይቆ ነበር፣ ሁልጊዜ እንደሚጠይቀው ነው፣ አዎ ይሉታል ብሎ መለሰላት። ይህን ብሎ ካሚዮኑን ዳር አስያዘና፣ ፊቷን ሲያይ ጊዜ ደንገጥ ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ።

"አይዞሽ ሚጡ፣ ድጋሚ ትሠሪዋለሽ። እጅሽ ያውቀዋል።"

እጇ አላወቀውም። ፍላሹ ላይ የቀረችውን አንዷን አበባ ፊቷ አድርጋ ሁለተኛውን ልትስል ተቀመጠች፤ የወጣው አበባ የታመመ ነገር ሆነ። የሠራችውን ታውቀዋለች፤ እንዴት እንደሠራችው ግን የት ሄዳ ትጠይቅ? ወደ ሙሽራ ልብስ ቤቱ ባዶ እጇን ሄዳ ቀን እንዲጨምሩላት ለመነች። ሴትየዋ ጨዋ ናቸው፤ አልተቆጧትም። ሥራውን ለሌላ ሰጡት፣ ክፍሉንም ጭምር። ስትወጣ በመስኮቱ በኩል አንዲት ሌላ ሴት ማሽን ስታስገባ አየች።

እናታቸው ሊያስታርቁ ገቡ። ታላቅሽ ነው አሉ፣ ሳያውቅ ነው አሉ፣ ለኮምፒዩተር ብላችሁ አሉ። በመጨረሻ ሹፌሩ ተነስቶ፣ "እማ ትሙት፣ ሁለተኛ ስምሽ ያለበትን ነገር አልከፍትም፣ አልነካም" ብሎ ማለ። አንድ ነገር መመስከር አለብኝ፣ ሰውየው ሲምል ምሏል ነው፤ ቃሉን አያጥፍም። እሷም ይቅር ብዬሃለሁ አለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷ ግን ሳሏን ዋጥ አድርጋ ጉንጩን ሳመችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን እናትየው ያውቁት ነበር፤ ለጊዜው ግን ቤቱ ሰላም በመሆኑ ተኙ።

ብዙም ሳይቆይ የጌሙ ሠሪዎች ትልቅ ወሬ አወጡ። አዲስ አገር የሚያህል መንገድ ይመጣል፤ ተራራ፣ ዋሻ፣ ወደብ። ሹፌሩና በስልክ የሚያወሩት ጌም የሚነዱ ጓደኞቹ የሚመጣው እሑድ ከሰዓት ተሰልፈው በአንድነት ሊገቡበት ተቀጣጠሩ። አርባ ካሚዮን ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ሰልፉን የሚመራው እሱ ነው። ይህን ለእናቱ ነገረ፣ ለጎረቤት ነገረ፣ አውቶቡሱ ላይ ለተሳፋሪም ሳይነግር አልቀረም። ቤት ውስጥ ሲመላለስ ትከሻው ሰፍቶ ነበር። እህቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማችው፤ መርፌዋን አቆመች።

በማግስቱ እሱ ሥራ ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። አንድ ፎልደር ሠራችና "የሚጡ" ብላ ስሟን ጻፈችበት። ውስጡ ያቺን የቀረችውን አንዷን አበባ አስገባች። ጥልፉ ምንም ቦታ አይዝም፤ እሷ ግን ከጌሙ ትምህርት ወስዳለች። ጥልፉን ትታ ሥዕሉን፣ የግድግዳ ስፋት አድርጋ፣ ሊወፍር በሚችለው ሁሉ አወፍራ አስቀመጠችው። ትንሿን ነገር እንዲህ ማሳበጥ ከተቻለ ሌላው ቀላል ነው። አንዷን ሁለት አደረገች፣ ሁለቱን አራት፣ አራቱን ስምንት። የዲስኩ ምልክት እየሞላ እየሞላ ሄዶ ቀይ ሲሆን እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ አየችው። ወፍጮ ቤት ተራዋን የምትጠብቅ ሴት እንኳ እንዲያ ረጋ ብላ አትቀመጥም።

ሹፌሩ መጣ፤ ቦታ የለም ተባለ። እግር ኳሱን አጠፋ። በማግስቱ ሲመጣ እንደገና የለም፤ እሷ በእግር ኳሱ ምትክ አበባ ተክላበታለች። ፊልሞቹን አጠፋ። ፊልሞቹም አበባ ሆኑ። ሁልጊዜ የምትተውለት ከሚፈልገው ለጥቂት የሚያንስ ነው፤ ብዙ ቢጎድለው ተስፋ ቆርጦ ይተኛል፣ ጥቂት ሲጎድለው ግን እንቅልፍ የለውም። የሚወዳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ በገዛ እጁ እያወጣ ሲጥል ከሻይ ብርጭቆዋ በላይ አሻግራ ትመለከተዋለች።

"ይሄ ጌም እያደር ያብጣል" አላት አንድ ቀን፣ ራሱን እያከከ።

"እንዲህ ናቸው ጋሼ" አለችው።

ከዚያ የእሷን ስም የያዘውን ፎልደር አየ። ጠረጠረ ማለት አይቻልም፤ ግን ዓይኑ እዚያ ላይ ቆየ። ምን አለበት ብሎ ጠየቃት። አንድ አበባ ናት አለችው፣ ዋሽታም አልነበረም። ከፍተህ እይ ብትለውም እጁን ከማውሱ ላይ አነሳ።

"ምያለሁ እኮ" አላት።

እዚህ ላይ ልትራራለት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ሰውየው ያን ያህል ጨዋ ባይሆን ወጥመዱ አይሠራም ነበር፤ በጨዋነቱ ነው የተያዘው። ግን ያቺን መስኮትና ማሽን የምታስገባውን ሴት አስታወሰችና ልቧ ተመልሶ ጠና።

እሑድ ጠዋት አንዱ ጓደኛው አዲሱን ጌም በሃርድ ዲስክ ይዞለት መጣና በር ላይ ሰጥቶት ሄደ። አሁንም አልገባም። ሌሎቹ በስልክ መከሩት። አዲሱ አሮጌው ላይ ሲጨመር የሁለቱንም ቦታ ስለሚጠይቅ፣ አሮጌውን ከሥሩ ነቅሎ አዲሱን መትከል ነው ያለው አሉት። እንዳሉት ማድረግ ሲጀምር ኮምፒዩተሩ አንድ ጥያቄ አወጣ። ጥያቄው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ቋንቋ ከመንገድ ምልክት ያለፈ አያነብም።

"ሚጡ፣ እስኪ ነይ፣ ምን ይላል?"

ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ በትከሻው ላይ ጎንበስ ብላ አነበበች። ያስቀመጥከውን ጨዋታ ጭምር ላጥፋ ወይ ነው የሚለው። ያስቀመጥከው ማለት አርባዎቹ ካሚዮኖች ናቸው፤ ጋራዦቹ፣ ሹፌሮቹ፣ ፊሽካም በጠመዝማዛው መንገድ ላይ። በግልጽ ተጽፏል፤ አይ ቢሉት ሁሉም ይተርፋሉ።

"ሁልጊዜ እንደሚጠይቀው ነው ጋሼ" አለችው።

"አዎ ልበለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። የዚያን ቀን ምን አልከው?"

ሰውየው ይህን ሰምቶ ቢያስብበት ኖሮ እጁን ይሰበስብ ነበር። ግን ጓደኞቹ እየጠበቁት ነው፣ ሰልፉ ያለ መሪ ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። አዎ አለው።

አዲሱ ጌም ተጭኖ ያለቀው ምሳ ካለፈ በኋላ ነው። ሹፌሩ ንጹህ ሸሚዝ ለበሰ፤ ለጌም ሸሚዝ የሚቀይር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መሪውን ያዘ፣ ከፈተ። የመጣው ግን ጋራዡ አይደለም። ገና ሀ ብሎ ሲጀምር፣ ከስንት ዓመት በፊት ያየው ያ የአዲስ ገቢ ገጽ ነው። ምንም እንደሌለው ሰው ተቀብሎታል፤ የአንድ የማያውቀው ባለሀብት ካሚዮን ላይ ቅጥር ሹፌር አድርጎ፣ ይህን ጭነት በዚህ ሰዓት አድርስ ይለዋል። ዘጋው፣ ከፈተው። ዘጋው፣ ከፈተው። ከስልኩ ውስጥ አንዱ የት ደረስክ ይላል፣ ሌላው እንሂድ እንዴ ይላል።

"ሚጡ፣ መኪናዎቼ የሉም" አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

መጣች። ምንም ሳትል ማውሱን ከእጁ ወሰደችና "የሚጡ" የሚለውን ከፈተችለት። አበባ፣ አበባ፣ አበባ፤ ወደ ታች ቢሄዱ ማለቂያ የሌለው፣ አንዲቱ የቀሚስ ጠርዝ አበባ። አያት፤ የምን እንደሆነች ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፣ እህቱ ጨርቅ ላይ ይዛት ስትመላለስ ሲያያት የከረማት ናት። ከዚያ እህቱ ሁሉንም በአንዴ አጠፋቻቸውና ዲስኩ ሜዳ ሆነ።

"ይኸው ቦታ ጋሼ" አለችው። "ድጋሚ ትነዳዋለህ። እጅህ ያውቀዋል።"

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይህን የምለው ላሳምርላት አይደለም፤ እውነቱ ይህ ነው፣ ከክፉ ቀኗ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም። ይጮህብኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ለጩኸቱም መልስ አዘጋጅታለች። እሱ ግን አልጮኸም። ስልኩ ውስጥ ሰልፉ ያለ እሱ ሲንቀሳቀስ፣ ጥሩንባውም እስኪነፋ ድረስ ሰምቶ ዘጋው። ብድር በምድር ነው የሚለው የገባው ይመስል አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እንደ ልማዱ ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ጭነት ያነሳል፣ ያደርሳል። የማያውቀው ባለሀብት ዘገየህ ብሎ ከደመወዙ ይቆርጥበታል። ቀን ፊሽካ፣ ማታ ይሄኛው። በፊት በቀላሉ ወደ ኋላ የሚያስገባበትን በር ሦስቴ እየገጨ ይተዋል። እሷ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ግጭቱን ትሰማለች፤ በሰማች ቁጥር ክሯ ለስላሳ ይሆንላታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጌሙ ድምፅ ተቋረጠ። መጋረጃው ተገለጠና ሹፌሩ ገባ። በዚያ ቤት ስንት ዓመት ኖረው ከመጋረጃው ወዲህ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። መርፌዋ ስር ያለውን ጨርቅ ቆሞ አየ፤ አንድ የዳነ አበባ፣ አጠገቡ ስንት የታመመ።

"እጄ አያውቀውም ሚጡ" አላት። "እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ግን እንዴት እንደሠራሁት አላውቅም። ያንቺም እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው ጋሼ።"

"እኔ እኮ የማይሆን ነገር ነው የነገርኩሽ።"

እናንተ የማታውቁት፣ እሱም የማያውቀው አንድ ነገር አለ። እሑድ ከመድረሱ በፊት፣ አበባ ስትተክል በዋለችበት አንድ ቀን፣ ጥልፍ ሠሪዋ የወንድሟን የተቀመጠ ጨዋታ ፈልጋ አግኝታዋለች። ያ ሁሉ ቤት ያጣበበ ጌም፣ ያ ሁሉ ተራራና ዝናብ፣ የእሱ የራሱ የሆነው ግን እፍኝ አይሞላም። አርባዎቹ ካሚዮኖች ከነጋራዣቸው፣ ከነፊሽካቸው፣ ከአንዷ አበባዋ ያነሱ ነበሩ። በትንሿ ፍላሽ ላይ ገልብጣ የአዝራር ቆርቆሮዋ ውስጥ ከታቸዋለች። የማይሆን ነገር ነግሬሻለሁ የሚል ቃል ከአፉ የሰማች ቀን ልትመልስለት ለራሷ ቃል ገብታ ነበር፤ ልክ ይህን ቃል።

እጇ ወደ ቆርቆሮው ሄደ። ክዳኑን ከፈተች። ፍላሹ ከአዝራሮቹ መካከል ተጋድሞ ታያት። ወንድሟ ትከሻው ወድቆ፣ እጁን እንደ ተማሪ ከፊቱ አጣምሮ ቆሟል፤ ምን እንደምትፈልግ አላየም። እሷ ግን ከትከሻው በላይ የሳሎኑን መስኮት አየች። ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚከፈተውን፣ ብርሃን የማያስገባውን። ከዚያ ከቆርቆሮው ውስጥ አንድ ቀይ ክር አወጣች።

ገና አልጠገበችም። ክዳኑን ገጥማ፣ "ሻይ ላፍላልህ ጋሼ?" አለችው።